የ1971 ታይታንስ፦ የሦስት ትምህርት ቤቶች ውሕደትና ያልተሸነፈ ቡድን

ከዋሽንግተን ዲሲ ፖቶማክ ወንዝን ተሻግሮ በሚገኘው በቨርጂኒያው የአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ኪንግ ስትሪት ላይ፣ ዛሬ የብዙ ሐበሻ ወላጆች ልጆች የሚማሩበት አንድ ትልቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። በከተማው ትምህርት ቤቶች ከእንግሊዝኛ ሌላ በብዛት ከሚነገሩት ቋንቋዎች አማርኛ አንዱ በመሆኑ፣ የዚህ ትምህርት ቤት ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971፣ ገና ቲ ሲ ዊሊያምስ ተብሎ በሚጠራበት ጊዜ፣ ታይታንስ የሚባለው የትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን 13 ጨዋታዎችን አድርጎ 13ቱንም አሸነፈ። 338 ነጥብ ሲያስቆጥር የተቆጠረበት 38 ብቻ ሲሆን፣ በዘጠኙ ጨዋታዎች ተጋጣሚዎቹ አንድም ነጥብ ሳያገኙ ወጥተዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያን ያህል የሰፋ ልዩነት ከየት እንደመጣ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ብዙ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው ዴንዘል ዋሽንግተን አሰልጣኙን ሆኖ በተጫወተበት፣ ዲዝኒ በ2000 ባወጣው ፊልም ነው። ፊልሙ የድሉን ምንጭ በነጭና በጥቁር ልጆች እርቅ ላይ ያኖረዋል። እርቁ ከንቱ ነበር ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን የውጤት ሰሌዳውንና የከተማውን የትምህርት አስተዳደር ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያይ ሰው፣ ጉዳዩ የሚጀምረው ከልምምድ ሜዳው ሳይሆን ከትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ነው።

ቨርጂኒያ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በትምህርት ቤቶች የሚደረገውን የዘር መለያየት ሕገ ወጥ ካለ በኋላ፣ ውሳኔውን በይፋ በመቃወም ከሁሉም ግንባር ቀደም ከነበሩት ክፍለ ግዛቶች አንዷ ነበረች። የአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ የነበሩት ቶማስ ቻምብሊስ ዊሊያምስም ይህንኑ መሥመር አጥብቀው የያዙ ሰው ናቸው። በ1958 አንዲት ጥቁር የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ልጆቿ ወደ ነጮች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ከሌሎች ወላጆች ጋር ክስ በመመሥረቷ ከሥራዋ እንድትባረር አደረጉ። ፍርድ ቤቱ ግን አልተመለሰም፤ በየካቲት 1959 ዘጠኝ ጥቁር ልጆች በሦስት የነጭ ትምህርት ቤቶች ገቡ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ከተማው በ1965 የከፈተውን አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኚሁ ሰው ስም ሰየመው፤ በዚያው ዓመትም ለጥቁር ተማሪዎች ብቸኛ ሁለተኛ ደረጃ የነበረው ፓርከር-ግሬይ በዚያ ደረጃ መሥራቱን እንዲያቆም ተደረገ። አሰያየሙና መዝጊያው በአንድ ዓመት መግጠማቸው ለጥቁሩ ማኅበረሰብ ምን መልእክት እንዳስተላለፈ ለመገመት አይከብድም።

ስለዚህ በ1971 ከተማው ሦስት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበሩት፦ አንጋፋው ጆርጅ ዋሽንግተን፣ በ1956 የተከፈተው ፍራንሲስ ሲ ሐመንድ እና ቲ ሲ ዊሊያምስ። ሐመንድ ስሙን ያገኘው በኮሪያ ጦርነት፣ የእኛው ቃኘው ሻለቃ በተሰለፈበት ጦርነት፣ በ1953 ቁስለኞችን ሲረዳ ከወደቀ የከተማው ተወላጅ የባሕር ኃይል የሕክምና ባልደረባ ነው። በሕግ ረገድ ሦስቱም ለሁሉም ተማሪ ክፍት ነበሩ። ሆኖም ተማሪ የሚመደበው በሚኖርበት ሰፈር በመሆኑ፣ ሰፈሩ እንደተለያየ ትምህርት ቤቱም እንደተለያየ ቀረ፤ ሐመንድ በአብዛኛው የነጭ ተማሪዎች ነበር። በዚህ ላይ በ1970 የጸደይ ወራት አንድ ጥቁር ወጣት በአንድ የሰፈር ሱቅ ነጭ ሠራተኛ ተገድሎ ከተማው ለቀናት ታውኮ ነበር። በሚያዝያ 1971 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ተማሪዎችን ከሰፈር ሰፈር በአውቶቡስ እያጓጓዙ ማደባለቅ ሕጋዊ መሆኑን ወሰነ።

የአሌክሳንድሪያ መልስ ሰፈር የማይመርጥ፣ ክፍልን ብቻ የሚለይ አደረጃጀት ነበር። የከተማው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ በሙሉ ወደ ቲ ሲ ዊሊያምስ እንዲገባ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንና ሐመንድ ደግሞ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችን ብቻ እንዲይዙ ተወሰነ። ከዚህ በኋላ በከተማው ውስጥ የነጭ ወይም የጥቁር ሊባል የሚችል የመጨረሻ ዓመታት ትምህርት ቤት ሊኖር አይችልም ማለት ነው። ውሳኔው ስለ ስፖርት አልነበረም። ይሁንና በአንድ ብዕር ጭረት፣ እስከዚያ ድረስ እርስ በርሳቸው ሲፋለሙ የነበሩ ሦስት የፉትቦል ቡድኖች ወደ አንድ ተጠቀለሉ።

ይህ በቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ቆም ብሎ ማየት ይገባል፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነውና። በአሜሪካ ፉትቦል በሜዳው ላይ ከእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ፤ ነገር ግን ማጥቃትና መከላከል የሚጠይቁት የሰውነት አቋምና ችሎታ የተለያየ ስለሆነ፣ የተሟላ ቡድን ሁለት አሰላለፍ፣ ማለትም 22 ቋሚ ተሰላፊዎች ያስፈልጉታል። ተራ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለዚህ የሚበቃ ልጅ ስለማያገኝ፣ ጎበዝ ጎበዞቹን በሁለቱም ወገን ያሰልፋል፤ እነዚህ ልጆች ትንፋሽ የሚሰበስቡበት ጊዜ የላቸውም፤ በጨዋታው የመጨረሻ ሩብ ላይም እግራቸው ይከዳቸዋል። የከተማው ሦስት ቡድኖች በድምሩ 66 የቋሚ ተሰላፊነት ቦታ ነበራቸው እንበል። ከውሕደቱ በኋላ የቀረው 22 ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ተፎካካሪ አለ፤ የሚመረጠውም ከሦስቱ የተሻለው ነው፤ የተቀሩት ሁለቱ በሌላ ትምህርት ቤት ቢሆኑ ኖሮ ቋሚ የሚሆኑ ተቀያሪዎች ናቸው። ከዚህም በላይ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ለጋ ልጆች በሌላ ግቢ ስለቀሩ፣ የተሰበሰቡት ሁሉ በአካል የጠነከሩት፣ አንድና ሁለት ዓመት የተጫወቱት ነበሩ። በአካባቢው ሊግ የሚገጥሟቸው የአርሊንግተንና የፌርፋክስ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ዓይነት የተማሪ ክምችት አልነበራቸውም።

በተቃራኒው፣ ቁጥር ብቻውን ቡድን አያቆምም፤ ውሕደቱ ጥቅሙን ይዞ የመጣውን ያህል ጣጣውንም ይዞ መጥቷል። ከ66 ቦታ 44ቱ ጠፍተዋል ማለት፣ ባለፈው ዓመት ቋሚ የነበሩ ብዙ ልጆች ዘንድሮ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ ማለት ነው። እያንዳንዱ ተሰላፊ ቦታውን ለቀማው ልጅ ቂም፣ ለቀድሞ ትምህርት ቤቱም ታማኝነት ነበረው፤ አምና በሜዳ ሲደባደቡ የነበሩ ልጆች ዘንድሮ አንድ መለያ ሊለብሱ ነው። ጥቁርና ነጭ መሆናቸው በዚህ ላይ ተጨመረ እንጂ ችግሩ በእሱ ብቻ አልተጀመረም። በአሰልጣኞቹም ዘንድ ያው ነው፤ ሦስት ዋና አሰልጣኝ የነበረበት ከተማ አንድ ብቻ ሊኖረው ሆነ።

ሹመቱ ይገባዋል ተብሎ በብዙዎች የተጠበቀው ቢል ዮስት ነበር። በአላባማ የተወለደው ዮስት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘማች፣ በሐመንድ ስሙን የተከለ፣ በዕድሜም በአገልግሎትም ቀዳሚ የሆነ ሰው ነው። ቦታውን ያገኘው ግን የሰሜን ካሮላይናው ጥቁር አሰልጣኝ ሄርማን ቡን ነበር። ቡን በዊሊያምስተን ከተማ ኢ ጄ ሄይስ በተባለ የጥቁሮች ትምህርት ቤት በዘጠኝ ዓመት 99 ጨዋታ አሸንፎ የተሸነፈው በ8 ብቻ ነው። ነገር ግን በዚያች ከተማ ትምህርት ቤቶቹ ሲዋሐዱ ለጥቁር ዋና አሰልጣኝ ቦታ እንደሌለ ተነግሮት ለቆ ወደ አሌክሳንድሪያ መጣ። ይህ በዘመኑ በደቡብ ክፍለ ግዛቶች የተለመደ ነበር፤ ውሕደት ሲመጣ የሚዘጋው የጥቁሮቹ ትምህርት ቤት፣ ሥራውን የሚያጣውም ጥቁሩ ርዕሰ መምህርና ጥቁሩ አሰልጣኝ ነው። አሌክሳንድሪያ ፓርከር-ግሬይን ዘግታ ስለነበር፣ የቡን ሹመት ከአንድ ሰው ዕድገት ያለፈ ትርጉም ነበረው።

ዮስት ጥሎ መሄድ ይችል ነበር፤ አልሄደም። የመከላከሉን ኃላፊነት ይዞ በረዳትነት ቆየ። በእኔ ግምት ከግለሰቦች ውሳኔ ሁሉ የዚያን ዓመት ውጤት በይበልጥ የወሰነው ይህ ነው። እሱ ቢለቅ የሐመንድ ልጆች አብረውት መሄዳቸው፣ ቢያንስ በግማሽ ልብ መጫወታቸው አይቀርም ነበር። የ38 ነጥቡ መከላከልም የቆመው በእሱ እጅ ነው።

ቡን በበኩሉ ነሐሴ ላይ ቡድኑን ከከተማው ጩኸት አውጥቶ፣ በፔንሲልቬኒያ ወደሚገኘው ጌቲስበርግ ኮሌጅ ወሰደው። ጌቲስበርግ በ1863 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ትልቁ ፍልሚያ የተካሄደባት ከተማ መሆኗን ፊልሙ በሚገባ ተጠቅሞበታል። ለዚህ ጥናት የሚጠቅመው ግን ቀለል ያለው ነገር ነው፦ ልጆቹ መኝታ ክፍል ሲደለደሉ ነጩ ከጥቁሩ ጋር እንዲያድር ተደረገ፤ የሚበሉት፣ የሚሮጡት፣ የሚሰደቡትም አንድ ላይ ነበር። ቡን ገር ሰው አልነበረም። ልጆቹን አብረው እንዲጠሉት አድርጎ አንድ አደረጋቸው ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

ውድድሩ ሲጀመር ልዩነቱ ወዲያው ታየ። 338 ነጥብ ለ13 ጨዋታ ሲካፈል በአማካይ 26 ይመጣል፤ አንድ ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ወደ ባላጋራ የግብ ክልል ማስገባት፣ ስድስት ነጥብ፣ ከተጨማሪው ምት ጋር ሰባት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ በየጨዋታው ወደ አራት የሚጠጋ ታችዳውን ማለት ነው። የማጥቃቱ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ሆኖም በዘመኑ ከዚያ የበለጠ ያስቆጠሩ ቡድኖች አይጠፉም። አስደናቂው በሌላው ወገን ያለው ነው። የተቆጠረበት በአማካይ ከሦስት ነጥብ በታች፣ ማለትም ከአንድ የሜዳ ምት ያነሰ ነው። የመከላከሉ አምበልና ላይንባከር (ከመከላከሉ የፊት መሥመር ኋላ የሚቆም ተከላካይ)፣ ከሐመንድ የመጣው ነጩ ጌሪ በርቲየር፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተመረጡ ምርጥ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ፤ በመከላከሉ መሥመር ጫፍ ላይ አብሮት የቆመው ጥቁሩ ጁሊየስ ካምቤልም የቅርብ ጓደኛው ሆኖ ዕድሜውን ጨረሰ።

በዓመቱ ውስጥ ታይታንስን የፈተነ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ይኸውም ከማርሻል ጋር የተደረገው ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓን መልሶ ለማቋቋም በወጣው እቅድ ስማቸው በሚነሣው ጄኔራል የተሰየመ የፌርፋክስ ትምህርት ቤት ነው። ታይታንስ 21 ለ16 አሸነፈ። ዓመቱን ሙሉ ከተቆጠረበት 38 ነጥብ 16ቱ በዚህ አንድ ምሽት የተቆጠሩ ናቸው፤ ይህን ጨዋታ ብናወጣው በቀሩት 12 ጨዋታዎች የገባበት 22 ነጥብ ብቻ ይሆናል። አንድ ቡድን በዕድል ወይም በስሜት ጥቂት ጨዋታዎችን ያሸንፍ ይሆናል፤ ባላጋራን በ12 ጨዋታ ወደ 22 ነጥብ ማውረድ ግን የተደራጀ ብልጫ ውጤት ነው።

የፍጻሜው ጨዋታ ቅዳሜ ታኅሣሥ 4 ቀን 1971 በሮአኖክ ቪክቶሪ ስታዲየም ተደረገ፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 24 ቀን 1964 ዓ.ም. ማለት ነው። ተጋጣሚው ከሮአኖክ ጋር ድንበርተኛ ከሆነችው ከሴለም የመጣው አንድሩ ሉዊስ ስለነበር፣ ታይታንስ በሰው አገር ተጫወተ ማለት ይቻላል። ውጤቱ 27 ለ0 ሆነ። ከነጥቡ ይልቅ የሚናገረው ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ አንድሩ ሉዊስ በጨዋታው በሙሉ በማጥቃት ያገኘው ርቀት ከዜሮ በታች አምስት ያርድ ነበር። ጨዋታውን ለማያዘወትር አንባቢ ይህ ግራ ሊያጋባ ስለሚችል ላብራራው። ኳስ የያዘው ተጫዋች ኳሱ ከተነሣበት መሥመር ወደ ፊት የሄደው ርቀት ይደመራል፤ ከመሥመሩ ኋላ ተይዞ ሲወድቅ ግን ወደ ኋላ የተገፋው ያህል ይቀነሳል፤ ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ኳርተርባክ ሳይወረውር ሲጣልም እንዲሁ። እንግዲህ የአንድሩ ሉዊስ ልጆች የሮጡትና የተቀባበሉት ሁሉ ተደምሮ፣ ወደ ኋላ የተገፉት ሲቀነስ፣ ለክፍለ ግዛቱ ዋንጫ ከደረሰ ቡድን የሚጠበቀው ሁለትና ሦስት መቶ ያርድ ቀርቶ፣ ከጀመሩበት አምስት ያርድ ወደ ኋላ ሆነው ተገኙ። በዓመቱ መጨረሻ በወጣው አገር አቀፍ ደረጃ ታይታንስ የጆርጂያውን ቫልዶስታ ተከትሎ ሁለተኛ ሆነ።

ፊልሙ ይህን የመሰለ ፍጻሜ ለትዕይንት ስለማይመች ትቶታል። የማርሻልን ጨዋታ ከመደበኛው ወቅት አንሥቶ የዋንጫው ፍልሚያ አደረገው፤ በመጨረሻው ቅጽበትም ቡድኑን በጭንቅ አሸናፊ አደረገ። ተጋጣሚዎቹን ነጭ ብቻ አድርጎ ማቅረቡም ትክክል አይደለም፤ የሰሜን ቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ከዚያ ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምረው ጥቁር ተማሪዎች ነበሯቸው። በርቲየርን ሽባ ያደረገውን የመኪና አደጋም ከፍጻሜው በፊት አስቀድሞታል። አደጋው የደረሰው ከዋንጫው አንድ ሳምንት በኋላ፣ ታኅሣሥ 11፣ ለቡድኑ ክብር ከተዘጋጀ ግብዣ በኋላ ነው። ስለዚህ 27 ለ0 የተጻፈው አምበሉ በሜዳ ላይ እያለ ነው። በርቲየር ከዚያ በኋላ በዊልቸር ስፖርት ተወዳድሮ ድል አግኝቷል፤ በ1981 ሰክሮ በሚያሽከረክር ሰው መኪና ተገጭቶ ሞተ። የትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ዛሬ በስሙ ይጠራል።

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። የውሕደቱን ክብደት አጉልቼ ከጻፍኩ በኋላ በራሴ ክርክር ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ማለፍ አልችልም። የሦስት ትምህርት ቤት ልጆችን ማከማቸት ብቻውን ዋንጫ የሚያመጣ ቢሆን ኖሮ፣ አደረጃጀቱ በቀጣዮቹ ዓመታትም ስለቀጠለ ዋንጫውም ይቀጥል ነበር። አልቀጠለም። ቡን እስከ 1979 እዚያው ቢያሠለጥንም፣ ትምህርት ቤቱ ሁለተኛውን የክፍለ ግዛት ዋንጫ ያነሣው እሱ ከተነሣ በኋላ፣ በ1984 ነው፤ ሦስተኛውም በ1987 ተከተለ። ስለዚህ የተማሪው ክምችት የብልጫውን ጣሪያ ከፍ አደረገ እንጂ ጣሪያው ላይ አላደረሰም። በ1971 የተለየው፣ በሦስት የተለያዩ አሰልጣኞች እጅ የበሰሉ ልጆች በአንድ ጊዜ መገናኘታቸው፣ ከዮስት ጋር የመጣው መከላከል ሳይበተን መቆየቱና ቦታ ያጡት ልጆች ቅሬታ ቡድኑን ሳያፈርስ ወቅቱ መጠናቀቁ ነው። በቀጣዩ ዓመት ከእነዚህ የ12ኛ ክፍል ልጆች አንዱም አልነበረም።

የቡን ጥብቅነትም ሁለት ፊት እንዳለው መዝገቡ ያሳያል። በ1971 ሦስቱን ወገን ያስገበረው አያያዝ፣ ዓመታት ሲያልፉ ከረዳቶቹና ከተጫዋቾቹ ቅሬታ አስነሥቶበት፣ በ1979 ከዋና አሰልጣኝነት ተነሣ። ከፊልሙ በኋላ ግን በየአገሩ እየተጋበዘ ንግግር የሚያደርግ ታዋቂ ሰው ሆነ፤ ከዮስት ጋርም ወዳጅነታቸው እስከ መጨረሻ ዘልቋል። ዮስት በግንቦት፣ ቡን በታኅሣሥ 2019 አረፉ፤ ካምቤልም በዚያው ዓመት።

የትምህርት ቤቱ ስም ከብዙ ክርክር በኋላ በ2021 ተቀይሮ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይ ስኩል ሆኗል፤ የቡድኑ ታይታንስነት አልተነካም፤ የሚጫወትበት ሜዳም በተዘጋው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ስም ፓርከር-ግሬይ መታሰቢያ ስታዲየም ይባላል። የ1971 ውሳኔ ግን አሁንም የወላጆች ጉዳይ ነው። የተማሪው ቁጥር አድጎ ሕንፃው ሲጠብ፣ ከተማው ሌላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይክፈት ወይስ አንዱን በበርካታ ግቢዎች ያስፋፋ የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። በ2019 ቦርዱ አንዱን ትምህርት ቤት ማስፋፋቱን መረጠ፤ በዚሁ መሠረት በአዲስ መልክ የተሠራው የሚኒ ሃዋርድ ግቢ በ2024 ተከፈተ። ለአንድ ትምህርት ቤት የተከራከሩት ከተማው እንደገና በሰፈርና በዘር እንዳይከፈል ሲሉ፣ የተቃወሙት ደግሞ ሺዎች ተማሪዎች ላሉበት ትምህርት ቤት አንድ የፉትቦል፣ አንድ የእግር ኳስ፣ አንድ የቅርጫት ኳስ ዋና ቡድን ብቻ መኖሩን ያነሡ ነበር። በ1971 ከ66 ቦታ 22 የቀረበት ሒሳብ ዛሬ በዚያ ግቢ ለቡድን ማጣሪያ የሚሰለፉትን ልጆች፣ የእኛንም ልጆች ጨምሮ፣ ይመለከታል።